የሚሮጠው ፊደል

ልጅ ሳለሁ ፊደል ይሮጣል ብዬ አምን ነበር። ሁሉም ፊደል አይደለም። የመማሪያ መጽሐፋችን ፊደል ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፤ ተረከዝ አለው፣ አንዱ መስመሩ ቀጭን ሌላው ወፈር ያለ ነው፣ የጠዋት ሰልፍ ላይ እንደቆመ ተማሪ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ቡና ሊጭኑ ወደ ጅማ በሚመጡት መኪኖች በር ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ከላይ እስከ ታች እኩል የወፈረ፣ ተረከዝ የሌለው፣ ጭቃ የያዘው መኪና እንደሚገፋ ሰው ወደፊት ያዘመመ። መኪናው ቆሞ ሾፌሩ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ጽሑፉ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እኛ የሰፈር ልጆች «ሯጩ» ብለን ስም አወጣንለት።

ቤታችን ከጅሬን ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ የቡና መጋዘን ፊት ለፊት ነበር። የልጅነቴ ሽታ የደረቀ የቡና ገለፈትና የአዲስ ጆንያ ሽታ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የናፍጣና የቀይ ጭቃ ሽታ ይጨመርበታል። መኪኖቹ ተራቸውን ጠብቀው ከመጋዘኑ ደጅ ሲሰለፉ እኔ ደብተሬን ይዤ ከበር ወደ በር እዞራለሁ። አብዛኛው ጽሑፍ በፈረንጅ ፊደል ነው። ትርጉሙን አላውቅም፤ አላስጨነቀኝምም። የፈለግሁት ያንን ዝማሜና ያንን ውፍረት ወደ እኛ ፊደል ማምጣት ነበር።

አስተማሪ አልነበረኝም። ዛሬም ድረስ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከማየትና ከማበላሸት ነው። ከሳሙና ካርቶን ባለ ሦስት ማዕዘን ቆርጬ ፊደሎቹ ሁሉ እኩል እንዲያዘምሙ በእሱ እለካለሁ፤ አንዷ ፊደል ከጓደኞቿ የበለጠ ካዘመመች ቃሉ በሙሉ የሰከረ ይመስላል። የሞተ ባትሪ ሰብሬ ጥቁሩን ዱቄት በውኃ በጥብጬ ቀለም አደርገዋለሁ። ብሩሼ የእንሰት ቃጫ ነው፤ ጫፉን በጥርሴ አላልቼ በክር አስረዋለሁ። አፌ ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ስለሚውል እናቴ «ይሄ ልጅ ከሰል ነው እንዴ የሚበላው?» ትል ነበር።

ሯጩ የት የት እንደሚያምር ሰፈሩ ቶሎ ገባው። ብስክሌት የሚያከራየው ሰውዬ የብስክሌቶቹን ቁጥር በሯጩ አስጻፈኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቁጥር ከበፊቱ ይበልጥ ትፈጥናለች ብለን ወላሂ እየተባባልን ተማማልን። የሰፈራችን የኳስ ቡድን ካናቴራው ጀርባ ላይ አጻፈኝ፤ ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ወርዶ ተጫዋቾቹ ወገባቸው ድረስ ጠቆሩ፣ ቢሆንም አልተቀየሙኝም። ለክፍሌ ልጆች የደብተር ሽፋን ላይ «ሒሳብ» ብዬ ሳዘምምላቸው ሒሳቡ ራሱ የቀለለ ይመስል ነበር። ጋሽ ኑሬ የሚባሉ ወንበርና በርጩማ ጠራቢ ጎረቤታችንም «ከሩቅ የሚጣራ አድርገህ ‹ወንበር› ብለህ ጻፍልኝ» ብለውኝ ደጃቸው ላይ ጻፍኩላቸው። ወደዱት። አንድ ቀን ግን አንድ ሙሉ ገጽ የንባብ ትምህርት በሯጩ ገልብጬ ላሳያቸው ስሄድ፣ ደብተሩን ራቅ ቀረብ አድርገው አዩና መለሱልኝ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ጌጥ የምቀርጸው መደገፊያው ላይ ነው» አሉኝ። «መቀመጫው ላይ ብቀርጸው ሰው ይወጋዋል።»

«ይሄኮ ወንበር አይደለም፣ ጋሽ ኑሬ!»

«እሱንማ አየሁ። መቀመጫ የለውም።»

ሳቅሁባቸው። ልጅ ምክር የሚሰማው ሲያመሰግኑት ብቻ ነው፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንደዚያው ናቸው።

አባቴ እዚያው መጋዘን ውስጥ ኩሊ ነበሩ። ከደዶ ገጠር በጎረምሳነታቸው ወደ ከተማ ወርደው ጆንያ መሸከም የጀመሩ፣ በሰፈሩ «አባ ፊጣ» የሚባሉ፣ ከሰላምታ በቀር ብዙ የማይናገሩ ሰው። በስብሰባ ላይ «ወዛደር» ይባሉ ነበር፤ ወደ ሥራ ሲመለሱ ግን ያው ኩሊ ናቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ጀርባቸውን ስለሚቆረጥማቸው እናቴ በሞቀ ጨው ትተኩሳቸው ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቀበሌያችን ሲጀመር የመጋዘኑ ኃላፊ አባቴን ጠርተው «አባ ፊጣ፣ በር ላይ ተቀምጦ የጆንያ ምልክት የሚያነብ ታማኝ ሰው እፈልጋለሁ። የምስክር ወረቀቱን ካመጡልኝ ከሸክም አወጣዎታለሁ» አሏቸው። አባቴ በማግስቱ ተመዘገቡ።

በትምህርት ጣቢያው የሚያስተምሯቸው መምህር ደረጀ የሚባሉ ወጣት ነበሩ፤ ቤት ውስጥ የማስጠናቸው ግን እኔ ነበርኩ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሥራ ሳይገቡ፣ ደጃፋችን ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ጆንያ ባሻከረው ጣታቸው አንድ አንዱን ፊደል እየነኩ «ኩን ኤኙ? ይሄ ማነው?» ይሉኛል። «ይሄ ምንድነው» አይሉም። ፊደልን እንደ ሰው ነበር የሚተዋወቁት።

«ይሄ ቡ ነው፣ አባ። ከጎኑ ትንሽ እጅ አለችው።»

«እጅ የሌለውስ?»

«እሱ በ ነው።»

«እሺ፣ ወንድሙ ነዋ።»

በዚህ ዓይነት ዘመድ አዝማዱን በሙሉ ለዩት። መጀመሪያ ያነበቡት ቃል «ቡና» የሚል ነበር። ያን ዕለት ሥራ የሄዱት እየሳቁ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሳቅ የሚያበዙ ሰው አልነበሩም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከጣቢያው ሰው ሁሉ ቀድመው መጽሐፉን ጨረሱ።

ፈተናው ሲቃረብ መምህር ደረጀ አስጠሩኝ። ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል፤ ተማሪዎቹ መጽሐፉን በቃላቸው ስለያዙት እንግዳው አዲስ ዓረፍተ ነገር እንዲነበብ ፈልገዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ በቀይ አቡጀዲ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፎ አዳራሹ ፊት ይሰቀላል። «ንጹሕ ቡና የወዛደሩ ኩራት ነው» የሚል ነበር። መምህሩ ጨርቁንና ቀለሙን ከሰጡኝ በኋላ ትከሻዬን ያዙና «እንደ መጽሐፉ አድርገህ ጻፈው። ቀጥ አድርገህ። ገባህ?» አሉኝ። «ገብቶኛል» አልኩ። ገብቶኝም ነበር።

እዚህ ላይ ሰበብ መፈለግ አልወድም። ልጅ ነበርኩ ብል እውነት ነው፤ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፣ መታዘዝ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ብሩሽና እውነተኛ ቀለም በእጄ ገብቷል። ከአውራጃ ሰው ይመጣል። ቀጥ ያለ ፊደልማ ማንም ይጽፋል ብዬ አሰብኩ። ሁለት ከሰዓት ሙሉ አፈር ወለላችን ላይ ተንበርክኬ ያንን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር በሯጩ ጻፍኩት፤ ከዚያ በፊት ከጻፍኩት ሁሉ የወፈረ፣ ያዘመመ፣ እንደ መኪናው በር ጽሑፍ የተጠጋጋ። የ«ቡ» ትንሽ እጅ በውፍረቱ ተዋጠች። የ«ኩ»ም እንዲሁ። «ቡ»ና «ና» ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው አንድ እብጠት ሆኑ። እኔ ግን ራቅ ብዬ ሳየው የሚሮጥ ነበር፤ ከዚያ በላይ ራሴን አልጠየቅሁም። አባቴ ከሥራ ሲገቡ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጋርደው በጎኔ አለፉ።

«እንዳትነግረኝ፣ እንዳታሳየኝም» አሉ። «በቀኑ እንደ ሰው አነበዋለሁ።»

ፈተናው እሑድ ጠዋት ነበር። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ፣ መስኮቱ ላይ ልጆች ተንጠልጥለው ነበር። እንግዳው ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጠዋል። ጨርቁ ሲዘረጋ ሰው አጨበጨበ፤ እውነቴን ነው፣ አንድም ሰው ሳያነበው አጨበጨበ። እንግዳው «የማን እጅ ነው ይሄ?» ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ እኔን አስነሥተው «የአባ ፊጣ ልጅ ነው» አሉ። እንግዳው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት አባቴ ኮፊያቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። መምህር ደረጀ ብቻ ጨርቁን አይተው፣ ከዚያ እኔን አይተው፣ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«በንባብ ከሁሉ የሚበልጡት አባ ፊጣ ይጀምሩልን» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሳቸው ይቅደሙ፣ እኛ ከኋላ ሰርቀን እንቅዳ!» አለች ሽንኩርት የምትቸረችረው ዘይነባ፤ እሷም ተፈታኝ ነበረች። ሰው ሳቀ። አባቴም ፈገግ እንዳሉ ወጡ።

«ቢስሚላህ» ብለው ጣታቸውን፣ እቤት እንደለመዱት፣ የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረጉ። ጣታቸው ቆመ። ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ ተመለሰ። ራቅ ብለው አዩት፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። ጣታቸው በጨርቁ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ምን እንደሚፈልጉ ገባኝ። ከሚያውቋቸው አንዱን ነበር የሚፈልጉት። «ቡና» ላይ ደርሰው አለፉት።

«ኩን ኤኙ?» ሲሉ ሰማኋቸው፣ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው።

«አይፍሩ አባቴ፣ ይበርቱ» አሉ እንግዳው።

«ጆንያ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አንሥተውት ነበር!» አለ ከኋላ አንድ የመጋዘን ጎረምሳ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

አባቴ ዞረው በዓይናቸው ፈለጉኝ፤ አገኙኝም። ጠዋት ጠዋት ደጃፋችን ላይ የሚያዩኝ አስተያየት ነበር፣ ስሙን ንገረኝ የሚል። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«ኢንቤኩ» አሉ። «አላውቀውም።» ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ በሰው መካከል አልፈው በበሩ ወጡ።

ቀጥላ የተጠራችው ዘይነባ ነበረች። ጨርቁ ፊት ቆማ ወገቧን ያዘች። «ወይ ጉድ! ኧረ ይሄ ፊደል ጠጥቷል! ማነው እንደዚህ ገፍትሮ ያንጋደደው?» አለች። አሁን ሰው የሳቀው በጨርቁ ነበር። መምህር ደረጀ ከእንግዳው ጋር ተንሾካሹከው ጨርቁን ጠቀለሉትና መጽሐፉን አወጡ፤ የቀረው ተፈታኝ ሁሉ ከመጽሐፉ እንዲያነብ ተወሰነ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ሩጥ፣ አባትህን ጥራ። ጥፋቱ የጨርቁ ነው፣ ይመለሱና ከመጽሐፉ ያንብቡ በላቸው» አሉኝ።

ሮጥኩ። አባቴ ብዙ አልራቁም፤ ከአዳራሹ ሃምሳ እርምጃ ያህል ነው።

«አባ፣ ይመለሱ ብለዋል» አልኩ።

«ለምን?»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። መምህሩ ቀጥ አድርገህ ጻፍ ብለውኝ ነበር፣ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላም ሰው አላነበበውም። ያን ብል ይመለሱ ነበር። ግን እንግዳው የጨበጡት እጄ ገና አልበረደም ነበር፣ ያንን ምስጋና በራሴ አፍ ማፍረስ አልሆነልኝም።

«እንጃ» አልኩ። «እንደገና ይሞክሩ ብለዋል።»

«ለሽማግሌ አዝነው ነው» አሉ አባቴ። «የምጽዋት ወረቀት አልፈልግም። ልጄ የጻፈውን ማንበብ ካቃተኝ ምን ተማርኩ ልበል?»

ሄዱ። እኔም ተመልሼ መምህሩን «እምቢ አሉ» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። እውነትን ቆርጦ ግማሿን ማድረስ ከውሸት እንደሚብስ ያኔ አላውቅም ነበር።

ዘይነባ በዚያው ቀን የምስክር ወረቀቷን ይዛ ቤታችን መጣች። ጨርቁ ነው፣ እኔም አላነበብኩትም ብላ ለአባቴ ማለችላቸው። እሷ ከወጣች በኋላ ለእናቴ ያሏትን ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። «ልታጽናናኝ ነው። ጨርቁ ጥፋት ቢኖርበት ልጄ ይነግረኝ ነበር» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ አልተቀመጥንም። መጽሐፉ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ቀረ። የበሩን ሥራ ከሸቤ የመጣ አንድ ጎልማሳ ያዘው፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ ምንም አልበደለም። አባቴ ምልክታቸውን ሊያነቡ ይችሉ የነበሩትን ጆንያዎች ዓመት በዓመት ተሸከሙ። አንድ ክረምት ወደ መኪናው ከተዘረጋው ሳንቃ አዳልጧቸው ከነሸክማቸው ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ ወገባቸው አልተቃናም።

እውነቱን የነገርኳቸው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቼ ነው፣ በደርግ የመጨረሻ ዘመን። እኔ ታፔላ መጻፍ ጀምሬ የራሴን ጎጆ ወጥቻለሁ፤ እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው። አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መምህሩ ያሉኝን፣ እኔ ያደረግሁትን፣ ውጭ ጠርቻቸው ያልነገርኳቸውን።

«አንተማ አሳምረህ ነበር የጻፍከው» አሉ በመጨረሻ። «የአውራጃው ሰውዬ ተነሥቶ እጅህን ጨብጦህ የለ? የእኔ ዓይን ነው እንጂ።»

«አይደለም አባ፣ ጥፋቱ የእኔ...»

«ተው!» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሆነ። «ልጄ በሰው ፊት የተመሰገነበትን ቀን አታበላሽብኝ።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ይቅርታ በጊዜው ካልተጠየቀ፣ የተበደለው ሰው በጥፋትህ ላይ ቤቱን ይሠራበታል። በኋላ መጥተህ ላፍርሰው ብትለው፣ የት ልደር ይልሃል።

በዚሁ እጄ እንጀራዬን በልቼ ሦስት ልጆች አሳደግሁ። ቁጡ አባት ነበርኩ። በቤቴ ያዘመመ ፊደል የጻፈ ልጅ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይገለብጥ ነበር። ሥርዓት የማስተምር ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጥፋቴን በፊደሉ ላይ ለጥፌ፣ እሱንና ልጆቼን ስቀጣ ነው የኖርኩት። ፊደሉ ምን አደረገ? ለመኪና በር፣ ለተጫዋች ጀርባ፣ ለሱቅ ደጃፍ፣ ለአንዲት ቃል የሚሆን ጎበዝ ፊደል ነው። ከሩቅ ይጣራል፤ ለመጣራት ነው የተሠራው። ቁጭ ብሎ ከሰው ጋር ማውጋት አይችልም፣ ያ ደግሞ ነውር አይደለም። ነውሩ ፊደሉ የት እንደሚሆን እያወቀ በማይሆንበት ቦታ ያስቀመጠው ሰው ላይ ነው።

ዛሬ ትልቋ ልጄ በአውቶቡስ ተራው አጠገብ የጽሕፈትና የባነር ቤት አላት። እኔ ሁለት ከሰዓት የፈጀብኝን እሷ አንድ ቁልፍ ተጭና ትጨርሰዋለች፤ በግዕዙም ፊደል ይሁን በላቲኑ፣ ይወፍራል፣ ያዘምማል። ሌላ ቁልፍ ስትጫን ቀጥ ይላል። የሥራ ጓደኞቼ የእጅ ሙያ ሞተ እያሉ ያዝናሉ። እኔ ለእጄ ብዙ አላዝንም። ደጇ ላይ ወንበር አውጥቼ መቀመጥ እወዳለሁ፤ የቀለም ሽታ የለም፣ የማሽን ሙቀት ብቻ ነው የሚወጣው።

በቅርቡ አንድ አዛውንት ለእህል ወፍጮአቸው ያሠሩትን ባነር ጠቅልለው ይዘው ተመለሱ። «ስሜን ፈልጌ አጣሁት» አሉ እያፈሩ። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ፣ ልጄ።» ልጄ ባነሩን ወለሉ ላይ ዘርግታ አየችው። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም፣ ያዘመመ፣ የተጠጋጋ ነበር። ቀና አለች።

«ዓይንዎ አይደለም አባባ» አለቻቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቀመጡ፣ አሁን ቀጥ አድርጌ እሠራልዎታለሁ።»

ሰውዬው ከት ብለው ሳቁ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ ያወሩኝ ጀመር። እሷ ሥራዋን ቀጠለች፤ ትልቅ ነገር የተናገረች አልመሰላትም። ይህን ታሪክ አታውቅም፣ ለልጆቼ ነግሬ አላውቅም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሦስት ቃል ናት። ያን እሑድ ከአዳራሹ ደጅ አባቴ እስከነበሩበት ድረስ ሃምሳ እርምጃ ሙሉ ይዣት ሮጬ፣ ሳላደርሳት ተመለስኩ።